የመጀመሪያ ሞዴል መኪና፦ የትኛው ኪት፣ የትኛው ቀለም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የፕላስቲክ ሞዴል መኪና ከኪት (ክፍሎቹ ተለያይተው በሳጥን ከሚመጡበት) ገጣጥሜ አላውቅም፤ አሁን ግን ቆርጫለሁ። ቀለሙን በራሴ ምርጫ ቀብቼ፣ ዝቅ አድርጌ፣ ቸርኬውን ቀይሬ ማየት ነው የምፈልገው። ታሚያ፣ ሬቬል፣ ኤኤምቲ፣ አኦሺማ የሚባሉ የኪት ፋብሪካዎች ስም እሰማለሁ። ከየትኛው ልጀምር? ቀለሙስ በቆርቆሮ ስፕሬይ ይሻላል ወይስ በኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ)? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ኪቱ መልሴ አጭር ነው፤ 1/24 (ከእውነተኛው መኪና 24 ጊዜ ያነሰ) ታሚያ፣ ሞተር የሌለው። ክፍሎቹ እርስ በርስ ይገጥማሉ፣ ስቱኮ የሚፈልግ ክፍተት እምብዛም አይተዉም፣ መመሪያውም ግልጽ ነው። ኤኤምቲ እና የአሜሪካው ሬቬል በብዛት 1/25 ናቸው፤ ኮፈኑ ተከፍቶ የሚታይ ሞተር ይዘው ይመጣሉ። ኤኤምቲ በአንድ ሳጥን ውስጥ ኦሪጅናሉን፣ የተሻሻለውን እና የውድድሩን ዓይነት የሚያሠሩ ክፍሎችን የሚያስገባባቸው ኪቶች አሉት፤ መኪና መለወጥ ለሚወድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ በቆየ ቅርጽ ማውጫ እየታተሙ የሚወጡ መሆናቸው ነው። በጠርዙ ላይ የፈሰሰ ትርፍ ፕላስቲክ፣ በቦዲው ላይ የቅርጽ ማውጫው መስመር ታገኛለህ። ለሁለተኛ ሥራህ አቆያቸው።

ዝቅ ማድረግና ቸርኬ መቀየር ዋናው ፍላጎትህ ከሆነ ግን አኦሺማን እይ። ቸርኬና ጎማ ለብቻው በ1/24 ይሸጣል፤ ፉጂሚ የተባለው ፋብሪካም እንደዚሁ። መጠኑን አታደባልቅ። 4.8 ሜትር የሚረዝም መኪና በ1/24 20 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/25 ደግሞ 19.2 ይሆናል። 8 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ጎማው ከቦዲው ጋር ሲተሻሽ ግን ልዩነቱ ይገባሃል። ምንም ኮላ ከመንካትህ በፊት ሻንሲውን፣ ጎማውንና ቦዲውን በወረቀት ፕላስተር አያይዘህ ቁመቱን ለካ።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነውና። የመጀመሪያ መኪናዬን ሰማያዊ ኢናሜል (ቀስ ብሎ የሚደርቅ የዘይት ቀለም) ቀብቼ፣ ደርቋል ብዬ ላከር (በኃይለኛ ቲነር የሚቀጥን ዓይነት) ቨርኒሽ ረጨሁበት። በደቂቃዎች ውስጥ ቦዲው በሙሉ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። የሳምንታት ሥራ ነበር፣ በጣም አዘንኩ። የላከሩ ቲነር ኃይለኛ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ኢናሜል እንደገና ያለሰልሰዋል። በላከር ላይ ኢናሜል መቀባት ይቻላል፤ የተገላቢጦሹ አይቻልም። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ፕራይመሩን (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን)፣ ቀለሙንና ቨርኒሹን ከአንድ ዓይነት፣ ከተቻለም ከአንድ ፋብሪካ ግዛ።

ለጀማሪ የታሚያ ቲኤስ ስፕሬይ ይበቃል፤ ላከር ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲወለወል ያብረቀርቃል። ፒኤስ የሚለውን እንዳታነሳ! እሱ ለሪሞት መኪና የፖሊካርቦኔት ቦዲ የተሠራ ነው። ቆርቆሮውን ከመርጨትህ በፊት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፤ የፈላ ውኃ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀህ፣ መጀመሪያ ስስ አድርገህ፣ ጭጋግ እንዳለፈበት ያህል ርጭ። ዝናባማና እርጥበት በበዛበት ቀን አትርጭ፤ ቀለሙ ነጭ ጉም ይለብሳል። ቨርኒሹ በደንብ ሲደርቅ በ2000 እና በ3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያረጠብክ ፍቀው፣ ከዚያ በፖሊሽ ወልውለው። ጠርዝ ላይ ግን እጅህ ይቅለል፤ ቀለሙ እዚያ ስስ ነው።

ኮላ፦ ለፕላስቲኩ አረንጓዴ ክዳን ያለው የታሚያ ስስ ኮላ። ሁለቱን ክፍሎች አጋጥመህ ይዘህ መገጣጠሚያውን በብሩሹ ጫፍ ስትነካው ራሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ለመስታወት ሱፐር ግሉ አትጠቀም፤ ትነቱ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። ተራ ነጭ የእንጨት ኮላ ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ በኪቱ እስማማለሁ፣ በቀለሙ ግን አይደለም። ጠያቂው ልጆች ባሉበት ቤት የሚሠራ ከሆነስ? የላከር ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። እኔ የምጠቀመው 0.3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ኤርብራሽ እና እንደ ቫዬሆ ያለ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ነው። ቀለሙ ካልተስማማኝ ደባልቄ የራሴን አወጣለሁ፤ ከቆርቆሮ ይህን አታገኝም። ሲያልቅ ደግሞ ማጽዳቱ ቀላል ነው።

መልስ፦ ስለ ሽታው እውነትህን ነው፤ ይህን አለማንሳቴ ስህተት ነው። ላከር የሚረጭ ሰው ውጭ ወይም አየር በሚያስወጣ ሳጥን ፊት፣ ለትነት የተሠራ ማስክ አድርጎ ይርጭ፤ የአቧራ ማስክ ትነቱን አይከለክልም። ሁለት ነገር የሚደባለቅበትን ጠንካራ ቨርኒሽ ደግሞ ጀማሪ አይንካው፤ በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል። በውኃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ለክሩስኮት፣ ለወንበርና ለሞተር በጣም ጥሩ ነው። ለቦዲ ግን በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቀው እየተላጠ አስቸግሮኛል፤ ለዚያ አሁንም ላከርን እመርጣለሁ።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ረሳሁ፤ ያየሁት ኪት ፕላስቲኩ ራሱ ቀይ ነው፣ እኔ ግን ነጭ ላደርገው ነው የፈለግኩት። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የቀዩ ፕላስቲክ ማቅለሚያ በላከሩ እየሟሟ ወደ ላይ ይወጣና ነጩን ሮዝ ያደርገዋል፤ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው። ግራጫ ፕራይመር፣ በላዩ ብርማ ቀለም፣ ከዚያ ነጭ ፕራይመር፣ መጨረሻ ላይ ነጩን ቀባ። ብርማው ቀዩን ያግደዋል። መጀመሪያ ግን ክፍሎቹን በያዘው ፍሬም ቁራጭ ላይ ሞክረህ አንድ ሳምንት ተወው። ካልቀላ፣ ቦዲውን ቀባ።