ግሪክን የከፋፈላት ተራራው ብቻ ነው?

ታቦር ግርጌ (ሀዋሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለ9ኛ ክፍል ስለ ጥንታዊት ግሪክ ላስተምር ነው። «ተራራው ስለለያያቸው ብዙ ከተማ-መንግሥታት ሆኑ» ብዬ ብነግራቸው ይበቃል? አቴንስና ስፓርታስ ጎረቤት ሆነው ለምን ይህን ያህል ተለያዩ?

የካርታ ወዳጅ፦ መምህር፣ አይበቃም። ተራራ መንገድ ያረዝማል እንጂ ድንበር አያሰምርም። ኬኦስ የምትባለው ደሴት 130 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የሀዋሳ ሐይቅን አንድ ተኩል ብታክል ነው። እዚያች ላይ አራት ከተማ-መንግሥታት ነበሩ! አቴንስ ያለችባት አገር አቲካ ደግሞ ወደ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆና፣ ሂሜቶስና ፔንቴሊ የሚባሉ ተራሮች መሃሏ ላይ ቆመው ሳለ፣ ከዳር እስከ ዳር በአቴንስ ሥር አንድ ሆናለች። ተራራውን ያስተምሩ፣ ግን ይህን ደሴት አብረው ያሳዩ።

ገብስና ወይራ፦ እኔ የምጨምረው ዝናቡን ነው፤ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ክረምት» ሲባል ልጆቻችን ሐምሌና ነሐሴን ያስባሉ። ግሪክ ውስጥ ሐምሌ ደረቅ ነው፤ ዝናቡ በብዛት የሚጥለው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። እህል በጥቅምትና በኅዳር ይዘራል፣ በግንቦትና በሰኔ ይታጨዳል። በ431 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ስፓርታና አቴንስ ሲዋጉ፣ የስፓርታ ጦር አቲካ የገባው እህሉ ሲደርስ ጠብቆ ነው።

አቴንስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 400 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሀዋሳ የዚያን እጥፍ ታገኛለች። አፈሩም ስስ ነው። ገብስ ይህን ይችለዋል፣ ስንዴ ግን ዝናቡ ሲያጥርበት ምርቱ ክፉኛ ይቀንሳል። ወይራ በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይበቅላል፤ ግን እንደ እንሰት ዓመታት ያስጠብቃል፣ ከዚያም በኋላ አንድ ዓመት አፍርቶ በቀጣዩ ይቀንሳል። ስለዚህ አቴንስ ዘይት ሸጣ ስንዴ ከጥቁር ባሕር ዳርቻ ታስመጣ ነበር። መርከብ በደህና የሚሄደው ከግንቦት እስከ መስከረም ብቻ ነው፣ መንገዱም በጠባቡ የሄሌስፖንት ወሽመጥ ያልፋል። በ405 የስፓርታው ሊሳንደር የአቴንስን መርከቦች እዚያው ማረከ፤ እህሉ ቀረ፣ በ404 ከተማዋ ተርባ እጇን ሰጠች።

ታቦር ግርጌ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስፓርታስ?

የካርታ ወዳጅ፦ ስፓርታ የኤውሮታስ ወንዝ ሸለቆ ነበራት፤ ለም ነው፣ ከባሕሩ ግን ይርቃል። መሬት ሲያንሳት ወደ 2,400 ሜትር የሚደርሰውን የታይጌቶስን ተራራ ተሻግራ ሜሴኒያን ያዘች፣ ሕዝቡንም ሄሎት (ከመሬቱ ጋር የታሰረ ገባር) አድርጋ አሳረሰችው። ሄሎቶቹ ከስፓርታውያን በቁጥር እጅግ ይበልጡ ስለነበር ዓመፅ ይፈራ ነበር፤ ጦሩ ከአገር ርቆ ብዙ መቆየት አልወደደም። እንግዲህ የመሬት እጥረት ሁለቱንም ገጥሟቸዋል፤ አንዷ ወደ ባሕር ወጣች፣ ሌላዋ ተራራ ተሻገረች። በክፍል ውስጥ መጀመሪያ ባዶ ካርታ ይስጧቸውና «እህል ከየት ታመጣላችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሱን ከመናገርዎ በፊት አሥር ደቂቃ ይተዉላቸው።