ዘይት ያልበዛበት ፓኮራ ለእንግዳ እንዴት ይሠራል?

ህሊና (አዲስ አበባ)፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች! አርብ ማታ ቤቴ ወደ 30 እንግዳ ይመጣል። ቀኑ ጾም ነው። ሳምቡሳ ሰለቸኝና የህንዶቹን ፓኮራ አሰብኩ፤ ያ አትክልቱ በሽምብራ ዱቄት ተለውሶ የሚጠበሰው። በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ ትንንሽ ቢሆን ደስ ይለኛል። ግን ስኳርና ኮሌስትሮል ያለባቸው ትልልቅ ሰዎች ስላሉ ዘይት የጠገበ ነገር ማቅረብ አልፈልግም። ኦቨን ውስጥ ስጋግረው ደግሞ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ሊጥ ሊጥ ይላል። ምን ይሻለኛል? ቤት ያለው የሽሮ ዱቄትስ ይሆናል?

ቤቲ ከዱባይ፦
ህሉዬ፣ ሽሮውን እርሺው። የተቆላ ነው፣ በርበሬና ቅመምም ገብቶበታል፤ እንደ ጥሬው አይያያዝልሽም። ያልተቆላ የሽምብራ ክክ ገዝተሽ ወፍጮ ቤት አስፈጪ፣ በደንብ ይላም።

ሊጥ ሊጥ የሚለው ከውሃው ነው። የምሠራበት ቤት ማዳም ህንዳዊት ናት፤ ፓኮራ ላይ ውሃ ጠብ አታደርግም ማለት ይቻላል። ሽንኩርቱን፣ ጥቅል ጎመኑንና ካሮቱን በቀጭን በቀጭኑ ትከትፍና ጨው ነስንሳ 10 ደቂቃ ትተወዋለች። አትክልቱ ራሱ ውሃ ያወጣል። ከዚያ ዱቄቱን ላዩ ላይ እየበተነች በጣቷ ታሸዋለች። ሊጡ አትክልቱን ስስ አድርጎ ከሸፈነው በቃ። ሳህኑ ስር ሊጥ ከተጠራቀመ በዝቷል። ለ4 ኩባያ አትክልት 1 ኩባያ ዱቄት ይበቃል። ኩርሽም እንዲል ከፈለግሽ 2 ማንኪያ የሩዝ ዱቄት ጣል አድርጊበት። እርድ፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ አዝሙድ። ነጭ አዝሙዱን እንዳትረሺ፣ የፓኮራው ጠረን እሱ ነው።

አቤል (ሆቴል ኩሽና)፦
ቤቲ ጨርሳዋለች፣ እኔ ስለ ኦቨኑ ልጨምር። 210 ዲግሪ ላይ ባዶውን ትሪ አብረሽ አግይው። ሲግል ዘይት ቀቢና በሾርባ ማንኪያ እየጨለፍሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ ደርድሪ። ካድበለበልሽው ውስጡ አይበስልም። ላዩንም ዘይት በብሩሽ ንኪው፤ ጭራሽ ዘይት ያልነካው የሽምብራ ሊጥ አፍ ላይ ዱቄት ዱቄት ይላል። 12 ደቂቃ፣ ገልብጠሽ 8 ደቂቃ።

እውነቱን ለመናገር ግን የተጠበሰውን አያህልም። ደግሞ ፓኮራ ዘይት ይጠግባል መባሉ ትንሽ ተጋኗል። 180 ዲግሪ የደረሰ ዘይት ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ብትጠብሺው ያን ያህል አይመጥም። ችግር የሚመጣው ዘይቱ ሳይግል ክምር አድርገሽ ስትጨምሪ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ሲበዛም ያው።

ህሊና፦
ኧረ ተባረኩ! አቤል፣ ኤር ፍራየርም አለኝ፣ አያዋጣም? ደግሞ ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ነው፣ እንግዶቹ በ12 ይደርሳሉ። ሐሙስ ማታ ሠርቼ ባሳድረውስ?

አቤል፦
ለ30 ሰው? ያቺ ቅርጫት ስንቱን ልትይዝልሽ! ለማሞቂያ አስቀምጫት።

እማማ ጽጌ፦
ልጄ፣ ፓኮራ ካደረ ይልፈሰፈሳል። እኔ የምመክርሽ ሙትያን ነው፤ በእንፋሎት የሚበስል የህንዶች የሽምብራ ሊጥ ነው። በልጅነቴ ጎረቤቶቻችን ከህንድ ጉጃራት የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ፣ እናትየዋ ስትሠራው አይቻለሁ። ዝኩኒ ፍቀሽ ውሃውን ጭምቅ አድርገሽ አውጪ። እኩል የሽምብራና የስንዴ ዱቄት፣ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ጨው ጨምረሽ ለስላሳ ሊጥ አቡኪው። ዘይት በተቀባ እጅ አውራ ጣት በሚያህል ውፍረት አድቦልቡለሽ፣ ዘይት የተቀባ የብረት ወንፊት ላይ አድርጊውና የሚፈላ ድስት ላይ ደፍነሽ 25 ደቂቃ በእንፋሎት አብስዪው። እስኪቀዘቅዝ አትቁረጪው፣ ይፈራረሳል። ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። አርብ ስትመጪ በአንድ ጉርሻ ልክ ትቆርጪና በ2 ማንኪያ ዘይት ሰናፍጭ ፍሬና ሰሊጥ አቁላልተሽ ታገላብጪዋለሽ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ህሊና፦
እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ! በቃ ሙትያውን ሐሙስ እሠራለሁ፣ ለወጣቶቹ ደግሞ አንድ ትሪ ፓኮራ ኦቨን ውስጥ እከታለሁ። ማባያውስ? እርጎ ጾም አይሆንም።

ቤቲ ከዱባይ፦
አንድ እፍኝ የድምብላል ቅጠል፣ ትንሽ ናና፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና የተቆላ ኦቾሎኒ ብሌንደር ውስጥ ምቺው። ኦቾሎኒው እንደ እርጎ ያወፍረዋል። ግን የማይስማማው ሰው ካለ አስቀድመሽ ጠይቂ።

እማማ ጽጌ፦
ሰናፍጩ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይፈናጠራል፣ ክዳን በእጅሽ ይኑር።