ጥቆማ፦ በሪሞት ዴስክቶፕ የሚሠራ ፕሮግራም ስንት ሰው እንደሚችል በምን ልፈትሽ?

የጎተራው አይቲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ድርጅት ዋና ቢሮው አዲስ አበባ ነው፣ አዳማ፣ ሀዋሳና ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለን። የሽያጭና የዕቃ ፕሮግራማችን አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ላይ ተጭኗል፤ ሁሉም በሪሞት ዴስክቶፕ ገብቶ፣ ማለት ከራሱ ኮምፒውተር የሰርቨሩን ስክሪን ከፍቶ ነው የሚሠራው። አሁን 25 ነን፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ 60 እንሆናለን። አምና ሰኔ 30 ቆጠራ ስናስገባ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ባሕር ዳር ያለችው ልጅ የዕቃ ቁጥር ጽፋ፣ ቁጥሩ ስክሪኗ ላይ እስኪወጣ ድረስ ስልክ ይዘን አብረን ጠበቅን። ዘንድሮ ያ እንዲደገም አልፈልግም። 60 ሰው በአንዴ ሲገባ የሚሆነውን አስቀድሜ የማይበት ነገር ጠቁሙኝ። ከጫና መፈተሻ ፕሮግራሞቹ ጄይሜተር፣ ሎድራነር ወይስ ሎጊን ኢንተርፕራይዝ? በጀቱ ጠባብ ነው፤ የውጭ ምንዛሪውንም ነገር ታውቁታላችሁ።

ጃቫና ቡና፦
ጄይሜተር አውርድና ተገላገል። ነፃ ነው። የድርጅታችንን ድረ ገጽ በእሱ ነው የፈተሽነው፣ ምንም ችግር አልገጠመንም።

ሜሪላንድ ያለሁት፦
ወንድሜ፣ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። እዚህ ሥራዬ ፍተሻ ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። ጄይሜተር እንዳለ ሲወርድ በዋናነት ዌብ ሰርቨርን ነው የሚያናግረው፤ ይህን ገጽ ስጠኝ ይላል፣ ይሰጠዋል። ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ገጽ የሚባል ነገር የለም። ወደ አንተ የሚመጣው የስክሪን ሥዕል ነው፣ ከአንተ የሚሄደው የኪቦርድና የማውስ ምት ነው። ስለዚህ መፈተሻው ልክ እንደ አንድ ተጠቃሚ ገብቶ እውነተኛ ሴሽን ከፍቶ፣ ሥዕሉን እያየ፣ የሚጫነው ቁልፍ ስክሪኑ ላይ መውጣቱን አረጋግጦ መጫን አለበት። ሎድራነር ይችላል። ሎጊን ኢንተርፕራይዝ ደግሞ ለዚሁ ዓይነት ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። ሁለቱም ገንዘብ ይፈልጋሉ። አንድ ነገር ልብ በል፦ ስክሪፕቱን (መፈተሻው በሰው ፈንታ የሚደግመውን ሥራ) ስትቀዳ የነበረው የስክሪን መጠን ስትፈትሽ ከተቀየረ ሥዕሉ አይገጥምለትም። ሴሽኑ ቁልፉን ሲጠብቅ ይውላል፤ አንተ ሰርቨሩ የተንቀራፈፈ ይመስልሃል።

የድሮ ፈታሽ፦
ሎድራነር። ሌላ አልመክርም። የመጀመሪያ ባለቤቱ ሜርኩሪ የሚባለው ኩባንያ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤችፒ ገዛው፣ ከዚያ ወደ ማይክሮ ፎከስ ሄደ፣ በ2023 ደግሞ ኦፕን ቴክስት እጅ ገባ። ባለቤቱ ይቀያየራል እንጂ እሱ ያው ነው።

ሀያ ሁለት ሰፈር፦
ምን ፈተና ያስፈልገዋል? ራም ጨምር። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያገለገለ ሰርቨር የሚሸጥ ልጅ አለ፣ እኛ ሦስት ወስደናል፣ አንዱም አላስቸገረን። ሰው እንዳያታልልህ፣ እሱ ጋ ሂድ።

ጋሽ ሂሳብ፦
ልጄ፣ መሣሪያውን ከመምረጥህ በፊት የእኛን ስማ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለዚሁ ሥራ አንድ ድርጅት ቀጠርን። ከቢሯቸው ሆነው እንዲፈትሹ 3389 ፖርትን (ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን በር) ለሁለት ቀን ብቻ ለኢንተርኔት ክፈቱ አሉን፣ ከፈትንላቸው። ፈትሸው ጨረሱ፣ ሪፖርታቸውን ሰጡ፣ ፖርቱን የዘጋ ግን የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ የደንበኞችን ፋይል ስከፍት እምቢ አለ። ሌላም ከፈትኩ፣ እምቢ። የሁሉም ስም መጨረሻው ተቀይሯል። ለካ ሌቦች በተከፈተው ፖርት ገብተው ፋይሎቹን ቆልፈዋቸዋል፤ ዴስክቶፑ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድ ጽሑፍ ተቀምጧል። ባካፕ የምናደርግበት ሃርድ ዲስክ እዚያው ሰርቨር ላይ እንደተሰካ ነበር፤ እሱንም አልማሩትም።

ሀዋሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ በጣም ያሳዝናል። ገንዘቡን ከፈላችሁ?

ጃቫና ቡና፦
ፖርቱን ወደ 3390 ቀይሮ መክፈት ነበር።

ሜሪላንድ ያለሁት፦
አይ፣ ይህን ምክር ማንም እንዳይወስድ። ፖርት እየቆጠረ የሚፈልግ ፕሮግራም 3390ንም ያገኘዋል። ሪሞት ዴስክቶፕ ለኢንተርኔት በቀጥታ አይከፈትም፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የተቆለፈ የግል መንገድ) አድርጉ።

ሀያ ሁለት ሰፈር፦
የቦሌው ልጅ ቢሸጥላቸው ኖሮ ባካፑንም አስተካክሎ ነበር የሚያስረክባቸው።

ኔትወርክ ጠጋኝ፦
ወንድም፣ ሰውየው የ60 ሰው ጫና በምን ልፈትሽ አለ፣ አንተ ሁለት ጊዜ የሱቅ አቅጣጫ ነገርከው። ሱቁን መውደድህ ገብቶናል። ራም ጨምሮ ችግሩ ዲስኩ ወይም ዳታቤዙ ቢሆንስ? ያ ገንዘብ የእሱ ኪስ ነው።

ሀያ ሁለት ሰፈር፦
የማውቀውን ነው የተናገርኩት። ሦስት ሰርቨር፣ አንድም ብልሽት የለም።

ኔትወርክ ጠጋኝ፦
እሺ። የጎተራው፣ ምንም ሳትገዛ ጀምር። ሰርቨር 2019 ላይ ፐርፎርማንስ ሞኒተር ውስጥ «ዩዘር ኢንፑት ዲሌይ» የሚባል መለኪያ አለ፤ መጀመሪያ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ) ላይ ማብራት ሊያስፈልግህ ይችላል። ሰው ቁልፍ ከነካበት እስከ ፕሮግራሙ እስከሚቀበለው ድረስ ስንት ሚሊሰከንድ እንደወሰደ በየሴሽኑ ያሳይሃል። የባሕር ዳሯ ልጅ የጠበቀችው ከሰርቨሩ ከሆነ እዚህ ላይ ታየዋለህ። ይህ ቁጥር ትንሽ ሆኖ እሷ ግን ከጠበቀች ችግሩ መንገድ ላይ፣ ኔትወርኩ ላይ ነው፣ ሰርቨር ብትቀይር አይለቅህም። ከዚያ ታስክ ማኔጀር ላይ «ዩዘርስ» የሚለውን ክፈትና አንድ ሰው ሥራ ላይ እያለ ስንት ራም እንደሚይዝ እይ። በ60 አባዛው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሠራተኞቹን ለምናቸውና 25ታችሁም እኩል ገብታችሁ እውነተኛውን ሥራ ሥሩ፤ በመጀመሪያ 10፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 25፣ በየደረጃው ቁጥሩን ጻፍ። ሁሉም በየራሱ ስም ይግባ፤ ጠዋት የሚያጨናንቀው አንዱ ነገር የየሰዉ ፕሮፋይል (የራሱ ቅንብርና ፋይሎች) ሲጫን ነው፣ በአንድ ስም ከገባችሁ እሱ አይታይም።

ሜሪላንድ ያለሁት፦
ይህ በጣም ጥሩ ነው። ወደ ስክሪፕት ስትሄድ ደግሞ የሪሞት ዴስክቶፑን መስኮት ዝቅ (ሚኒማይዝ) አታድርገው። ዝቅ ሲል ስክሪን መሳሉን ያቆማል፣ ስክሪፕቱም ዓይኑን ያጣል። 60ውንም ሴሽን ከአንድ ላፕቶፕ አትክፈት፤ ሰርቨሩ ደህና ሆኖ ላፕቶፑ ይደርቅና የተሳሳተ ውጤት ይዘህ ትሄዳለህ። የሪሞት ዴስክቶፕ ላይሰንሱንም ከአሁኑ ጠይቅ፦ ያለ ላይሰንስ የሚሠራበት ጊዜያዊው ፈቃድ 120 ቀን ነው።

የድሮ ፈታሽ፦
ይህን ሁሉ ሎድራነር በአንድ ቦታ ይሠራልሃል።

የጎተራው አይቲ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን ካነበብኩ በኋላ ወዲያው ፋየርዎሉን ከፍቼ አየሁ፤ የእኛም 3389 ለኢንተርኔት ክፍት ነበር፣ ማን እንደከፈተው የሚያውቅ የለም። አሁን ዘግቼዋለሁ። ቅርንጫፎቹ ዛሬ ሥራ ቆመባቸው፣ ቪፒኤን እያስገባሁላቸው ነው።

ሀዋሳ ልጅ፦
ጎበዝ። መፈተሻውስ፣ የትኛውን ልትይዝ ነው?

ሰሚት፦
እኔም ይህንኑ እየጠበቅኩ ነው፣ 40 ተጠቃሚ አለን። ጋሼ፣ ለመሆኑ ዳታው ተመለሰላችሁ?

ጋሽ ሂሳብ፦
አልከፈልንም፣ አልተመለሰምም። የተረፈን የወረቀት ደረሰኝ ነበር። ሁለት ልጆች ቀጥረን ከመስከረም ጀምሮ ያለውን አንድ በአንድ ከካርቶን እያወጣን አስገባን። አራት ወር ፈጀ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ካርቶኖች ዝናብ ገብቶባቸው ቀለሙ ጠፍቶ ስለነበር ደንበኞቹ ጋ እየዞርን የእነሱን ኮፒ ለመንን።