«ማንስፕሌይን» ምን ማለት ነው? በአማርኛስ አለን?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ ስብሰባ ላይ አንድ ገና ሁለት ወር ያልሞላው የሽያጭ ሠራተኛ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ ስለ ቫት ያስረዳኝ ጀመር። ቀስ እያለ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። «አየሽ የኔ እህት፣ ይሄ 15 በመቶ የእኛ ገንዘብ አይደለም፤ የመንግሥት ነው።» በእስክሪብቶ የሚጠቁመው ሠንጠረዥ እኔው አምሽቼ የሠራሁት ነው። ስሜ ከታች አለ! የድርጅቱን ቫት ላለፉት 9 ዓመታት የማሳውቀውም እኔ ነኝ። ማታ ለታናሽ እህቴ ስነግራት «ማንስፕሌይን አድርጎሻላ!» ብላ ሳቀች። ቃሉ ከየት መጣ? ስድብ ነው እንዴ?

ቃል ለቃሚ፦
እንግሊዝኛ ነው። «ማን» ወንድ፣ «ኤክስፕሌይን» ማስረዳት፤ ሁለቱ ተጣብቀው። መነሻው አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሬቤካ ሶልኒት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ጽሑፍ ነው ይባላል። እዚያ ላይ እንደምትተርከው፣ ከዓመታት በፊት አንድ ግብዣ ላይ ጋባዡ ሰውዬ ያኔ ገና ስለወጣ ትልቅ መጽሐፍ ይተነትንላታል። መጽሐፉ የራሷ ነው! ጓደኛዋ «የሷ እኮ ነው» ብትለው ወይ ፍንክች። ሦስት አራቴ ከተነገረው በኋላ ነው የገባው። ለካ እሱም አላነበበውም፤ ስለ መጽሐፉ ጋዜጣ ላይ አይቶ ነው። ቃሉን ግን እሷ አልፈጠረችውም። ጽሑፉ እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ኢንተርኔት ላይ ብቅ አለ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ የኦንላይን መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ።

ይቅርታ ግን፦
ልጁ ምን አጠፋ? ያለው ልክ ነው። እህቴ፣ ቫት የሚከፍለው የመጨረሻው ሸማች ነው። ድርጅትሽ ሰብሳቢ ብቻ ነው። ስትገዙ የከፈላችሁትን ስትሸጡ ከሰበሰባችሁት ላይ ታቀናንሺና...

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ሃሃሃ ወንድሜ፣ አሁን ምን እያደረግክ እንደሆነ ታውቆሃል?

የእማማ ልጅ፦
እኛ ጋ እኮ ድሮም አለ፤ «ለቀባሪው አረዱት»። አፈሩን ያለበሰውን ሰው መርዶ መንገር። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች»ም አለ። ልዩነቱ፣ ተረቶቹ ወንድ ሴት አይሉም፤ እንዲያውም ሁለተኛው ላይ አስረጂዋ ሴት ናት። ማንስፕሌይን የሚባለው «ሴት ናት፣ አይገባትም» የሚል ግምት ሲኖርበት ነው። አለማወቅ ብቻ ከሆነ የኛው ይበቃል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ወድጄዋለሁ። ሰኞ ሲመጣ «ለቀባሪው...» ብዬ ዝም እላለሁ። ቀሪውን እሱ ያስረዳኝ።