መረሬ ላይ የወጣውን የኤስፒቲ ቁጥር ልመነው?

ሰላም የአፈር ምርመራ ባለሙያዎች። አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ቦሌ አካባቢ ለጂ ፕላስ 4 ሕንፃ መሠረት እያጠናን ነው። ላዩ መረሬ ነው (ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ)፤ ወደ 3 ሜትር ይወርዳል። ከሥሩ የተፈረካከሰ ባዛልት አለ። የቆፈርነው በጥር ነው፤ አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ኤስፒቲ (በመዶሻ ምት ቱቦ ወደ አፈሩ እያስገቡ ጥንካሬውን መለካት) ስንሠራ፣ 63.5 ኪሎው መዶሻ ከ76 ሳንቲሜትር እየወደቀ፣ ለመጨረሻው 30 ሳንቲሜትር 24 ምት ቆጠርን። ወረቀት ላይ በጣም ጠንካራ ሸክላ ነው። ግን ክረምት ሲገባ ይኸው አፈር ጭቃ እንደሚሆን ማን ያጣዋል? ቁጥሩ የነገረን ድርቀቱን መሰለኝ። ስለ ማበጡ ደግሞ ምንም አይልም።

ሌሎቹንም ሙከራዎች አሰብኩ። ቬን ሺር (ክንፍ ያለው ዘንግ አፈር ውስጥ አዙሮ መለካት) ለለስላሳና እርጥብ ሸክላ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ሲፒቲ (ጫፉ ሾጣጣ ዘንግ ወደ አፈሩ እየገፉ መለካት) ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ፕሌት ሎድ (ሳህን ላይ ክብደት ጭኖ ምን ያህል እንደሚሰምጥ መለካት) በ30 ሳንቲሜትር ሳህን የሚነግረኝ ከሥሩ ስላለው ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ባለቤቱ መረሬው ላይ እንድናሳርፈው ይፈልጋል፤ ቁፋሮው ወጪ ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። መረሬውን ጠርጌ ድንጋዩ ላይ ልውረድ? ወይስ ጉድጓዱን ውኃ አጠጥቼ ፕሌት ሎዱን ልሞክር? እንዲህ ያለ አፈር ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ያገኛችሁትን ንገሩኝ።