የጠረጴዛዬ መጋጠሚያ በኮላ ተጣብቆ እንደገና ለምን ተከፈተ?

ጥያቄ፦ ጎን ለጎን ከተጣበቁ ወፍራም ጣውላዎች የተሠራ የምግብ ጠረጴዛ አለኝ። በደረቁ ወራት አንዱ መጋጠሚያ ከጫፉ ጀምሮ ተሰንጥቆ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጫፉ ላይ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ነጭ የእንጨት ኮላ በቀጭን ካርቶን እየገፋሁ አስገብቼ በሞርሳ ባስረውም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ተከፈተ። ስህተቴ ምን ላይ ነው?

መልስ 1፦ ነጭ ኮላ የሚይዘው ወደ እንጨቱ ሰርጎ ሲገባ ነው፤ እርስዎ ግን ያፈሰሱት በደረቀው አሮጌ ኮላ ላይ ስለሆነ የሚሰርግበት ቦታ አላገኘም። በዚያ ላይ የተከፈተውን በሞርሳ ኃይል አስገድደው ስለዘጉት፣ ጣውላው ያንን ውጥረት ይዞ ሲታገል ቆይቷል። ድፍረት ቢጠይቅም እኔ የምመርጠው በመጋጠሚያው መስመር እስከ መጨረሻው በመጋዝ ለይቶ፣ ሁለቱንም ጠርዞች በመላጊያ አስተካክሎ እንደ አዲስ ማጣበቅ ነው። ከስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ኮላ ከመቀባትዎ በፊት ሁለቱን ጠርዞች በደረቁ ገጥመው በብርሃን ትይዩ ይመልከቱ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ገና ይላጋል። ሞርሳውን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ያድርጉ፤ ከታሰረ በኋላም ሙሉ ቀን ሳይነኩት ይቆዩ።

መልስ 2፦ ከመቁረጥዎ በፊት ጠረጴዛውን ገልብጠው ከሥሩ ይመልከቱ። እንጨት እንደ አየሩ እርጥበት በስፋቱ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ገበታው (የላዩ ጣውላ) እግሮቹን ከሚያያይዘው ክፈፍ ጋር በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ከታሰረ፣ ምንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢጣበቅ በደረቅ ወቅት ያው መጋጠሚያ ወይም አጠገቡ ያለው እንጨት ይሰነጠቃል።

መልስ 3፦ የቤት ዕቃው በጣም አሮጌ ከሆነ ኮላው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የተሠራ ሊሆን ይችላል። የፈላ ውሃ ጠብ አድርገው ይሞክሩ፤ ለስልሶ የሚያጣብቅ ከሆነ መጋዝ ሳያስፈልግ በሙቀትና በእርጥበት ይለያያል። ስቱኮ (ስንጥቅ መሙያ ሊጥ) ግን እንዳይሞሉበት፤ እንጨቱ በእርጥብ ወቅት ሲያብጥ ጠንካራው ስቱኮ ራሱ ሽብልቅ ይሆንበታል።

ጠያቂ፦ ገልብጬ አየሁት፤ 8 ብሎኖች ጥብቅ ብለው ታስረዋል፣ የማዕዘን ድጋፎቹም ከገበታው ጋር በኮላ ተጣብቀዋል።

መልስ 2፦ ምክንያቱ ይኸው ነው። ድጋፎቹን አላቅቀው ብሎኖቹን ያላሉና ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቁ፤ ስንጥቁ በራሱ ሊጠብ ይችላል። መጋጠሚያውን ከጠገኑ በኋላ በክፈፉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በገበታው ስፋት አቅጣጫ ሞላላ አድርገው፣ ብሎኖቹን ከሮንዴላ (ከብሎን ራስ ሥር ከሚገባ ቀለበት) ጋር በጣም ሳያጠብቁ ይሰሩ። መሃል ላይ ያሉትን ብቻ እንደ ነበሩ ይተዉ።