ዕጣ ሳይጣል ለካሜራ መግዣ ዕቁብ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?

የሐሳቡ አቅራቢ፣ የሠርግ ፎቶ አንሺ፦

ባለፈው እሑድ የጅማ ፎቶ አንሺዎች ዕቁባችንን ለመጣል በተሰበሰብንበት ሰዓት አንድ አባላችን ዕጣ ሳይጣል ገንዘቡ እንዲሰጠው ጠየቀ። ምክንያቱ አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ በተለምዶ «ሚረርለስ» የምንለውን፣ ውስጡ መስታወት የሌለውን አዲስ ዓይነት ካሜራ እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ ብቻ ሊያቆይለት ቃል ስለ ገባለት ነው። አንዳንዶቻችን የሥራ ዕቃ ስለሆነ ይሰጠው አልን፤ ሌሎቻችን ዕቁብ የሚፈርሰው በእንዲህ ያለ ልዩ አስተያየት ነው ብለን ተቃወምን። መሽቶብን ስለ ተለያየን ክርክሩን በጽሑፍ እንድንቀጥል በተስማማነው መሠረት የመጀመሪያውን ሐሳብ እኔ አቀርባለሁ።

የተቃወምኩት ወንድማችንን ስለማላምነው አይደለም፤ አዲስ ካሜራ የመመኘት ስሜት ምን እንደሚያደርግ በራሴ ላይ ስላየሁት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዕጣ ሲወጣልኝ ገንዘቡን ለስቱዲዮዬ ጣሪያ ማሳደሻ አስቤው ነበር። የጅማን ክረምት ለሚያውቅ ሰው በፎቶ ዕቃ ላይ የሚያፈስ ጣሪያ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ለሁለት ወር ያህል በየማታው ስለ አዳዲስ ካሜራዎች የሚያወሩ ቪዲዮዎችን ስመለከት ስለ ከረምኩ ልቤ አስቀድሞ ተሸንፎ ነበር። ስምንት ዓመት ያለ ቅሬታ የሠራሁበት ካሜራ በድንገት ከበደኝ፣ ፎከሱ (ምስሉን የሚያጠራው ክፍል) ዘገየብኝ፣ ድምፁም ጮኸብኝ። እነዚህ ጉድለቶች ሁሉ የታዩኝ ሌላውን ካየሁ በኋላ መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልኩም፤ ከደንበኞቼ መካከል አንዱን እንኳ ያነሣብኝ ሰው አልነበረም።

አዲሱን ካሜራ ስገዛ ገንዘቡ ሲጎድልብኝ፣ ቀዳዳው እስከ 1.8 የሚከፈተውን (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል) የ50 ሚሊ ሜትር ሌንሴንና አንዱን ፍላሼን ሸጬ ሞላሁበት። በመጀመሪያው ሠርግ ላይ፣ ግማሾቹ አምፖሎች በተቃጠሉበት አዳራሽ ውስጥ፣ በእጄ የቀረው ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ብቻ ነበር፤ እሱም ምስሉን ወደ ሙሽሮቹ ባቀረብኩት ቁጥር ቀዳዳው ከ5.6 የበለጠ አልሰፋ አለኝ። ስሌቱን ለማታውቁት፣ በ1.8 የሚገባው ብርሃን በ5.6 ከሚገባው 10 እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የጎደለውን ብርሃን አይኤስኦን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ከፍ በማድረግ ለመተካት ስለ ተገደድኩ በሙሽራዋ ቬሎ ላይ ጤፍ የተበተነበት የሚመስል ነጠብጣብ ወጣ። ቤተሰቦቿ ጨዋዎች ስለሆኑ አልተናገሩኝም፤ የታናሽ እኅቷን ሠርግ ግን ሌላ ሰው አነሣው። ጣሪያውም እስከ ዛሬ ያፈሳል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ዕጣ ሳይጣል የሚሰጥ ገንዘብ ለሕመም፣ ለሐዘን፣ ለተሰረቀ ወይም ለተሰበረ የሥራ ዕቃ ይሁን። ዕቃው እየሠራ ሌላ ለተመኘ ሰው ግን ተራውን ይጠብቅ።

ገንዘቡን የጠየቀው አባል፦

ጋሼ፣ የራስዎን ታሪክ ሳይደብቁ ስለ ነገሩን አመሰግናለሁ። ነገር ግን እርስዎን የጎዳዎት ካሜራ መግዛትዎ ሳይሆን ሌንስ መሸጥዎ ይመስለኛል። እኔ አንድም ሌንስ አልሸጥም። የምገዛው ሚረርለስ ካኖን አር 6 ነው፤ አሁን የምሠራበት ካሜራ፣ የካኖን 5ዲ ማርክ 3፣ ሌንሶች ደግሞ በአንዲት ማገናኛ ቀለበት አማካይነት በአዲሱ ካሜራ ላይ ፎከሳቸው ሳይጓደል ይሠራሉ።

ምኞት ነው መባሉ ከብዶኛል። በጥር ወር የተክሊል ሥርዓት ሳነሣ ካህኑ ፍላሽ እንዳልጠቀም አስቀድመው ነገሩኝ፤ እኔም ታዘዝኩ። ሹተሩን (ፎቶ ሲነሣ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን የካሜራ መጋረጃ) ዝምታ በሚባለው ስልት ላይ ባደርገውም ጸሎቱ ረጋ ባለ ቁጥር ድምፁ ለሁሉም ይሰማ ስለነበር ቀለበት የሚታሰርበትን ቅጽበት ፈርቼ አንድ ጊዜ ብቻ ነካሁት፣ እሱም ሳተኝ። በኒካሕ ላይም ተመሳሳይ ጭንቀት አለብኝ። አዲሱ ካሜራ በኤሌክትሮኒክ ሹተር ምንም ድምፅ ሳያሰማ ያነሣል። ሙሽሮቹ በጭፈራ ታጅበው ወደ አዳራሽ ሲገቡ ደግሞ የእኔ ካሜራ ካሉት 61 የፎከስ ነጥቦች አንዱን በእጄ እየመረጥኩ ስሮጥ ፎከሱ ከፊት በሚጨፍረው ሚዜ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ አር 6 የሰውን ዓይን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ይከተላልም። የሙሽራዋ እናት ሲያለቅሱ ደግመው እንዲያለቅሱልኝ ልለምናቸው አልችልም።

ስለ ዋጋውም ላስታውሳችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያን ዓመት ገንዘቤን እያጠራቀምኩ «ትንሽ ልጠብቅ» ያልኩት እኔ፣ የጠበቅኩት ካሜራ ከእኔ ሲሸሽ አይቻለሁ። በባንክ ካስቀመጥኩት ብር ይልቅ ዕቃው ዋጋውን ጠብቋል።

ካሜራና ሌንስ ጠጋኝ፦

ወንድሜ ስለ ማገናኛ ቀለበቱ የተናገረው ትክክል ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 የሌንስ መግጠሚያውን ሲቀይር የቀድሞዎቹን ሌንሶች የገዙ ሰዎች ሜዳ ላይ ቀርተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና ሲቀይር ግን አሮጌዎቹ እንዲሠሩ አድርጓል። ስለ ዝምታውና ስለ ዓይን ፎከሱም አልከራከረውም።

የምከራከረው «ምስሉ የተሻለ ይወጣል» ከሚለው እምነት ጋር ነው፤ ይህን በየቀኑ ከሚመጡልኝ ሰዎች እሰማዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 5ዲ ማርክ 3 22.3 ሜጋፒክስል፣ ማለትም 22.3 ሚሊዮን የምስል ነጥብ፣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አር 6 ደግሞ 20.1 ሜጋፒክስል ነው፤ ስምንት ዓመት ቆይቶ የመጣው በቁጥር ያንሳል ማለት ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እያደረግን ብናትም አሮጌው ካሜራ 32 በ48 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፎቶ ያወጣል። ከዚህ ከፍ ያለ ገጽ ያለው አልበም የሚያዝዛችሁ ደንበኛ ስንት ነው?

ሌላው ደግሞ ሹተሩ ነው። ፋብሪካው ለ5ዲ ማርክ 3 የገመተለት ዕድሜ 150,000 ጊዜ ነው። በአንድ ሠርግ 1,500 ፎቶ የሚያነሣ ሰው ይህን የሚጨርሰው ከ100 ሠርግ በኋላ ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ሹተሩ ይለወጣል እንጂ ካሜራው አይጣልም። ወንድሜ የእሱን ቁጥር አስቆጥሮ ያውቃልን? ካላስቆጠረ ነገ ያምጣልኝ፣ በነጻ አየዋለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህ በከተማችን ከካሜራ እርጅና የበለጠ ገንዘብ ሲያጠፋ ስለማይ ነው። የጅማ እርጥበት ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ከክረምት በኋላ የሚመጡልኝ ሌንሶች ውስጣቸው የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ይዟቸዋል፤ ክሩ ሥር ሰድዶ የመስታወቱን ቅብ ከበላ ባጸዳውም ምልክቱ አይለቅም። የዕቃው ቦርሳ ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ሲከርም ነው ይህ የሚሆነው። ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት፤ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከ60 እንዳያልፍ ተጠንቀቁ። አሮጌው ሌንስ ደብዝዞበት «ካሜራዬ አረጀ» ብሎ አዲስ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራውን ብቻ) የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ያንኑ የሻገተ ሌንስ አዲሱ ላይ ገጥሞ ያንኑ ደብዛዛ ፎቶ አነሣ።

የስቱዲዮ ባለቤት፣ የዕቁቡ ነባር አባል፦

ልጆቼ፣ ስለ ካሜራው ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ሥራ የጀመርኩት አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ በሚያነሣበት ዘመን ስለሆነ አንድ ሠርግ በሦስት ወይም በአራት ፊልም ጨርሼ የምመለስ ሰው ነበርኩ። ይህን የማነሣው የዛሬውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ያን ጊዜም እኔ ራሴ ሌላ ሰው እጅ ላይ ያየሁትን ካሜራ ተመኝቼ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ የዕቁቡ ነገር ነው። ዕጣ ቀድሞ የወሰደ ሰው እስከ መጨረሻው መክፈል አለበት፤ እኛ ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ገቢያችን በየወሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። በ2018 ዓ.ም. ረመዳንም ከሁዳዴ ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ገባ በየካቲት አጋማሽ ከሁለቱም ወገን ሥራ ጠፋብን፤ ስቱዲዮዬ ውስጥ ከጉርድ ፎቶ በቀር ምንም ያልሠራሁበት ሳምንት ነበር። ያን ጊዜ የዕቁብ ክፍያ ከየት እንዳመጣችሁ እያንዳንዳችሁ ታስታውሳላችሁ። ልጄ ገንዘቡን ዛሬ ወስዶ ሁሉንም በካሜራ ላይ ቢያውለው በእንዲህ ያለው ወቅት የሚከፍለው ከምን ነው? ዋሱ የሚሆነው ሰው ነው የሚከፍለው። ዋሱ ደግሞ ባለፈው እሑድ እንደሰማነው የሚስቱ ወንድም ነው።

በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች አባል፦

ካሜራውን በዕቁቡ ስም ገዝተን ሁላችንም በየተራ ብንጠቀምበትስ? ሠርግ የሌለበት ቀን ብዙ ነው።

የሐሳቡ አቅራቢ፦

እኅቴ፣ መልካም አሳብ ነበር፤ ችግሩ ሠርጉ የሚውለው በአንድ ቀን መሆኑ ነው። በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ሁላችንም አንድ ላይ ሥራ ላይ ነን።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ስለ ሌንሱ ያልከው እውነት ነው፤ የእኔና የአንተ ጉዳይ በዚያ ይለያያል። ስለ ዝምታውም የቤተ ክርስቲያኑን ምሳሌ ስታነሣ ቀለበቱ የሳተኝን የራሴን ቀን አስታወስከኝ፣ ልመልስልህ አልችልም። ስለ ብሩ ግን አልተስማማሁም። ካሜራው ዋጋውን የጠበቀ የመሰለህ ብሩ ስለ ወረደ ነው፤ ካኖን እ.ኤ.አ. በ2022 የአር 6ን ተከታይ ካወጣ ወዲህ አንተ የምትፈልገው ሞዴል ያለፈው ትውልድ ሆኗል፣ ልትሸጠው በወጣህ ቀን ገዢው ይህን ያነሣብሃል። ከሁሉም በላይ የሚያሠጋኝ «እስከ ወሩ መጨረሻ» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቀን የቆረጠው ነጋዴው ነው። እኔንም ያስሮጠኝ እንዲህ ያለ ቀጠሮ ነበር፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ያው ካሜራ በያው ሱቅ ውስጥ ለሦስት ወር ተቀምጦ አይቸዋለሁ። እትዬ ስለ ዋሱ የተናገሩትንም እስካሁን አልመለስክላቸውም።

ገንዘቡን የጠየቀው አባል፦

እትዬ፣ ስለ ዋሴ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ከእሱ ጋር ሳልነጋገር መጠየቄ ስሕተት ነበር። ትናንት ማታ ተነጋገርን፣ በጾም ወራት የሚከፈለውን አስቀድሜ ለይቼ ካላስቀመጥኩ በስተቀር ዋስ እንደማይሆን ነገረኝ፤ አልተቀየምኩትም። ስለዚህ ዕጣ ሳይጣል ይሰጠኝ ያልኩትን ጥያቄ ለጊዜው አንሥቻለሁ። ነገር ግን አሳቤን አልቀየርኩም፤ ድምፅ የማያሰማ ካሜራ ለዚህ ከተማ ሥራ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፣ ዕጣው በወግ ሲወጣልኝም እገዛዋለሁ።

ጋሼ ጠጋኙ የሹተሩን ቁጥር ዛሬ ጠዋት አየልኝ፤ 92,000 ደርሷል። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ አንድ ጓደኛዬ አር 6ቱን ሊያውሰኝ ፈቅዷል። ጅሬን በሚገኘው በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ላይም አዳራሹ ውስጥም ተመሳሳይ ፎቶዎችን በሁለቱ ካሜራዎች፣ በአንድ ሌንስ አነሣለሁ።

ካሜራና ሌንስ ጠጋኝ፦

30 በ45 ሴንቲ ሜትር አድርገህ አሳትማቸው፤ የትኛው ከየትኛው እንደወጣ ከጀርባው ላይ ብቻ ጻፍ። እሑድ ዕቁቡ ከመጣሉ በፊት ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋቸዋለን፣ እትዬ ቀድመው ይመርጣሉ።